እጅህ ከበሩ አይለቅ

ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ዓይኑ እየጠፋ መሆኑን ደረስኩበት። ማንም አልነገረኝም፤ እንዲያውም ሁሉም ተማክረው የደበቁኝ ይመስለኝ ነበር። አባቴ አብራሪ ስለነበረ ነገሩ ቀላል አልነበረም። ዓይኑ የማያይ ሰው አውሮፕላን እንደማያበርር ለማወቅ ትልቅ መሆን አያስፈልግም።

የደረስኩበት ገርበብ ባለ የሳሎን በር በኩል ነው። ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ እናቴ ጓሮ ወጥቼ እንድጫወት አዘዘችኝ። ሌላ ጊዜ የቤት ሥራዬን ሳልጨርስ ከወንበሬ አታስነሳኝም። ኳሴን ረስቼ ስመለስ አባቴ የምግብ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ዓይኑ በእናቴ ሰማያዊ ሻርፕ ታስሯል። የሱሪው ቀበቶ ወገቡን ከወንበሩ ጋር ጠፍሮታል። እናቴ ከኋላው ቆማለች።

«አሁን» አለችው።

አባቴ ግራ እጁን ዘርግቶ አየሩን መዳበስ ጀመረ። ጣቶቹ የቁምሳጥኑን ጠርዝ አጡት፣ እንደገና ፈለጉት፣ እጀታውን አገኙት። በቀኝ እጁ ቀበቶውን ፈታ፤ ተነሥቶ ወደ ቁምሳጥኑ ሲራመድ በርጩማ አደናቀፈውና ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ።

«ሴትዮ፣ ጉልበቴን ጨረስሽው እኮ» አለ እየሳቀ። «ይሄ በርጩማ ደግሞ ከየት መጣ? ቅድም አልነበረም።»

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።»

«ለምን ሲባል?»

«እዚያ ሁሉም ነገር ባለበት ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል ብለህ ነው? ተቀመጥ። እንደገና።»

እናቴ አልሳቀችም። ቀበቶውን ራሷ አሰረችለት፤ ጠበቅ አድርጋ። «ያን ጊዜ ምንም አታይም» አለችው፤ ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። «በእጅህ ነው የምታውቀው። እጅህ በሩን ሳይጨብጥ ቀበቶህን እንዳትፈታ። ከፈታኸው በኋላም እጅህ ከበሩ አይለቅ። ምንም አታይም፣ ገባህ?»

«ገብቶኛል።»

«እንደገና።»

ኳሴን ትቼ ጓሮ ወጣሁ። ከውሃ ጋኑ ጀርባ ተቀምጬ አሰብኩ። አባቴ ሊታወር ነው። እናቴ እያለማመደችው ነው። እየጨከነችበትም ነው፤ በመንገዱ ላይ በርጩማ ታስቀምጥበታለች።

ነገሩን ያስረዳችኝ ራሷ እናቴ ናት፤ እኔ ባለ ትዳር ከሆንኩ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን። እዚያ ለምን እንደተቀመጥን ምናልባት ወደ ኋላ እናገር ይሆናል። አባቴ የሚያበርራት አውሮፕላን ባለ አንድ ሞተር፣ አራት ሰው የምትይዝ ትንሽ ነገር ነበረች። ከእኛ የባሕር ዳርቻ ወደ ደሴቲቱ መድኃኒት፣ ፖስታና ሰው ታመላልሳለች። ያን ሰሞን ሞተሯ አየር ላይ እየተቆራረጠ መሳል ጀምሮ ነበር። መለዋወጫው በመርከብ እየመጣ ነው ተባለ፤ እስኪመጣ ድረስ ማን ይብረር የሚለው ጥያቄ በቤታችን ውስጥ በዝግ በር ተነሣ። አባቴ፣ ደሴቲቱ ላይ ምጥ የጠናባት ሴት ብትኖር ማን ያመጣታል አለ። እናቴ ብዙ አልተከራከረችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ አውሮፕላኗ ውሃ ውስጥ ብትወድቅና ብትገለበጥ ዓይኑን ጨፍኖ መውጣት እንደሚችል በቤቷ ወለል ላይ እንዲያሳያት። ዓይን ማሰሩ፣ ቀበቶው፣ በርጩማው፣ ሁሉም ለዚህ ነበር።

እኔ ግን ይህን አላውቅም፤ ስለዚህ ማስረጃ መሰብሰብ ያዝኩ። ማስረጃ ደግሞ የፈለገው ሰው አያጣውም። በአውሮፕላን ሜዳው ዳር፣ ምሰሶ ላይ፣ ነፋስ ሲገባበት የሚወጠር ቀይና ነጭ የጨርቅ ቱቦ ተሰቅሏል። አባቴ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ መኪናውን እዚያ ያቆምና «ዛሬ ወዴት ያሳያል፣ የኔ ልጅ?» ይለኛል። ቀድሞ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። አሁን ገባኝ፤ አይታየውም። ጢሙን ሲላጭ ጋዜጣ እንዳነብለት ይጠይቀኛል። ቁልፉን ይጥልና ኪሱን ሁሉ ይዳብሳል።

ልረዳው ቆረጥኩ። ከመተላለፊያው ላይ በርጩማዎቹን አነሣሁ። ጫማዎቹን ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ጫፋቸውን ወደ በሩ አዙሬ አስቀምጥለት ጀመር። ከቤት ስንወጣ እጁን እይዛለሁ።

«ደረጃ አለ» እለዋለሁ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እግዜር ይስጥሽ አሮጊቷ።»

«አንድ ሌላም አለ።»

«እሱን እንኳ ረስቼው ነበር» ይላል፤ ከልቡ የረሳ መስሎ ነው የሚለው። ሰዎች ሲያልፉ እጁን ጠበቅ አደርጋለሁ፤ እንዳያዩበት።

ጭንቀቴ የሚብሰው ሜዳው ላይ ነው። እናቴ እዚያ ከአብራሪዎቹ ጋር የምትነጋገር የሬድዮ ሠራተኛ ስለነበረች ከትምህርት ቤት ስወጣ የምሄደው ወደ እርሷ ክፍል ነው። በሦስት ጎኗ መስኮት ያላት፣ ደረጃ የሚወጣባት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ከፊቷ ማኮብኮቢያው፣ ከማኮብኮቢያው ማዶ ቋጥኙ፣ ከዚያ ባሕሩ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር መሬት ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ አባቴ በተነሣ ቁጥር ግን እስኪያርፍ ድረስ አንድ መስመር አልጨርስም። ሲያርፍ ጎማው መሬቱን የሚነካበትን ድምፅ እጠብቃለሁ። ከዚያ እተነፍሳለሁ።

መካኒኩ ከሁሉም የባሰ ያስፈራኝ ነበር። አጭርና ድንቡሼ ስለሆነ ሁሉም «ጋሼ ቡሎን» ይለዋል። አንድ ቀን ከአባቴ ጋር ክንፉ ሥር ቆመው ሰማኋቸው።

«ዛሬ ድምፅዋ አላማረኝም» አለ ጋሼ ቡሎን።

«አንተ ደግሞ የማን ድምፅ አምሮህ ያውቃል?»

«የሚስቴን ድምፅ ለምጄ ነዋ፤ ጆሮዬ ክፉ ክፉውን ነው የሚለየው።» ሳቁ። ከዚያ ጋሼ ቡሎን መሳቁን ተወ። «እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ እሷ ታውቃለች?»

«ታውቃለች እንጂ። ሌት ተቀን እያሠራችኝ ነው።»

«ትንሿስ?»

«ትንሿ ምንም አታውቅም። እንዳታስደነግጣት።»

ትንሿ እኔ ነኝ። ከነዳጅ በርሜሉ ጀርባ ሆኜ ትንፋሼን ዋጥኩ። እንግዲህ ጋሼ ቡሎንም ያውቃል።

የሆነው የሆነው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ዘቅዝቃ፣ ውሃው ዓይን እስኪወጋ የሚያብለጨልጭበት ሰዓት። አባቴ ከደሴቲቱ እየተመለሰ ነበር። አብራው የደሴቲቱ አዋላጅ ነበረች፤ ወፍራም፣ ከረሜላ የማታጣ፣ ስታየኝ ጉንጬን የምትቆነጥጥ ሴት። ጋሼ ቡሎን በሩ ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። እኔ መሬት ላይ ነኝ።

ሬድዮው ተንጫጫ። «ጣቢያ፣ ሁለት አራት።»

ሥራ ላይ ሲሆኑ አባቴና እናቴ በስም አይጠራሩም፤ እርሷ «ጣቢያ»፣ እርሱ በአውሮፕላኗ ቁጥር «ሁለት አራት» ነው፤ «እርስዎ» ይባባላሉ። ቤት ሲገቡ በዚያው ይቀልዱበታል፤ «ጣቢያ፣ እራት ደርሷል ወይስ ዞር ብዬ ልምጣ?» ይላታል።

«ይቀጥሉ ሁለት አራት» አለች እናቴ።

«ሞተሩ ቆሟል። ለማስነሣት ሞክሬ ነበር፤ እምቢ ብላለች።»

ሱቁ ዳቦ ጨርሷል የሚል ሰው ድምፅ ነበር። ጋሼ ቡሎን ጨርቁን ጣለ። የእናቴ እጅ ጠረጴዛው ላይ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ አቅርቦ ማሳያ መነጽሯን አነሣች።

«ሰምቻለሁ። አይቼዎታለሁ። የሕይወት ጃኬት?»

«ሁለታችንም ለብሰናል። ዳርቻው ጋ የምደርስ ይመስለኛል።»

እናቴ አየች። ረጅም ጊዜ የፈጀች መሰለኝ። «አይደርሱም» አለች። «ቋጥኙ ላይ ነው የሚወድቁት። ዳርቻውን ይተዉት። ከፊትዎ በስተግራ የዓሣ ጀልባ አለች፤ እርሷ አጠገብ ውሃው ላይ ይውረዱ።»

ውሃው ላይ። ተነሥቼ ቆምኩ። እናቴ አባቴን ባሕር ውስጥ እየሰደደችው ነው።

«ጀልባዋ አልታየችኝም» አለ አባቴ። «ፀሐዩ ዓይኔ ውስጥ ነው። ምንም አይታየኝም።»

ይኸው፣ በቃ፣ ራሱ ተናገረው። የእናቴን ቀሚስ ያዝኩ። «እማዬ፣ አያይም እኮ» አልኳት። «አባዬ ዓይኑ አያይም።» ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅኩትን ምስጢር ጋሼ ቡሎን ፊት አወጣሁት። ማንም አልደነገጠም። እናቴ ዞር ሳትል ግራ እጇን አናቴ ላይ አሳርፋ ወደ ታች ተጫነችኝ፤ ጣቶቿ ፀጉሬ ውስጥ ገብተው አመመኝ። ዝም እንድል የቀጣችኝ መሰለኝ። እስከ ዛሬ ያን እጅ አስታውሰዋለሁ፤ ሰው ሊወድቅ ሲል የደረጃ መደገፊያ የሚይዘው እንደዚያ ነው።

«ትንሽ ወደ ግራ» አለች። «ትንሽ ይጨምሩ። በቃ። አሁን ቀጥታ ነዎት። ማዕበሉ በቁመቱ ወደ ወደቡ ነው የተኛው፤ አብረውት ይውረዱ እንጂ እንዳያቋርጡት። ነፋሱ ከግራዎ ነው፤ ኃይል የለውም።»

የማያየውን ሁሉ እያየችለት ነበር። ይህን በልጅነቴም አልተሳሳትኩም።

«አየኋት» አለ አባቴ። «ሰማያዊ ጀልባ።»

አላመንኩትም። አዋላጇ እንዳትፈራ ብሎ የዋሸ መሰለኝ።

«በሩን ክፈት» አለች እናቴ። «ጫማህን አውልቅና መሃሉ ሸጉጠው፤ እንዳይዘጋብህ።» «እርስዎ» ማለቱን ትታዋለች። የሥራውን ደንብ ስታፈርስ ሰምቻት ስለማላውቅ ከሁሉም ያ አስፈራኝ።

«ሸጉጬዋለሁ።»

«እሷስ?»

«ደህና ናት። እየጸለየች ነው። ለእኔም ጨምሪልኝ ብያታለሁ።»

«እጅህ ከበሩ አይለቅ።»

«እሺ። በይ እንግዲህ፣ ጣቢያ።»

አውሮፕላኗን በመስኮቱ አየኋት። ከሩቅ በጣም ትንሽ ነበረች፤ የምትወድቅ አትመስልም፤ ውሃው ላይ ጥላዋን ልትይዝ የምታጎነብስ ትመስል ነበር። ጎማዋ ውሃውን ነካ፤ ነጭ ነገር ፈነዳ፤ ነጩ ሲረግፍ ሆዷ ወደ ሰማይ ዞሮ፣ ሁለት ጎማዎቿ ተቀስረው ታዩ። ሬድዮው ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ አሰማና ፀጥ አለ።

እናቴ ማይክራፎኑን አላስቀመጠችም።

«ቆይ፣ አትቸኩል» አለች። «መገለባበጡ ይቁም። አሁን እጅህ በሩ ላይ ነው። ጠርዙን ጨብጠው። በቀኝ እጅህ ቀበቶህን ፍታ። በሩን አትልቀቅ። ጃኬቱን ውጭ ሳትወጣ እንዳትነፋ። ራስህን ጎትት።»

ጋሼ ቡሎን መነጽሩን አንሥቶ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። «እቴ» አላት፤ እንደዚያ ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም። «እቴ፣ አይሰማም እኮ። ሬድዮው ውሃ ገብቶበታል።»

«እጅህ በሩ ላይ ነው» አለች እናቴ። «ጠርዙን ጨብጠው።»

ጋሼ ቡሎንን ጠላሁት። እንዴት አይሰማም? ሳሎን ውስጥም የሚሰማው በዚሁ ድምፅ አልነበረም? እኔም ከንፈሬን ከእርሷ ጋር አንቀሳቀስኩ፤ ቀበቶ፣ በር፣ ጃኬት።

«አንድ» አለ ጋሼ ቡሎን። «አንድ ሰው ወጥቷል። ቢጫ ጃኬት ይታየኛል።»

እናቴ ለመስማት ቆመች።

«ሴት ናት» አለ። መነጽሩን ከዓይኑ አላነሣም። «አዎ፣ ሴትየዋ ናት። ጀልባዋ እየቀረበቻት ነው።»

እናቴ ከንፈሯን ላሰች። «በቀኝ እጅህ ቀበቶህን ፍታ» አለች፤ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ በዚያው ድምፅ፣ ሳትፈጥን ሳትዘገይ። «በሩን አትልቀቅ። ራስህን ጎትት።» አንዱ ጎማ ከውሃው በታች ገባ። ሌላው ገባ። እናቴ ቀጠለች። አዋላጇን ወደ ጀልባው ሲጎትቷት ጋሼ ቡሎን ነገረን፤ እናቴ ቀጠለች። የጠረጴዛው እግር ላይ ተጣብቄ ባሕሩን አየሁ፤ ባሕሩ ያብለጨልጫል፣ ሌላ ምንም የለውም።

«ሁለት» አለ ጋሼ ቡሎን።

እናቴ ማይክራፎኑን ከአፏ ዝቅ አደረገችው።

«ሁለት። እጁን ያወዛውዛል። ከጅራቷ በኩል ነው የወጣው። ይኸው ያዙት።» መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ያ ሁሉ ሰውዬ፣ እኔ ከተቀመጥኩበት ጎን።

እናቴ ማይክራፎኑን መስቀያው ላይ ሰቀለችው። አንድ ጊዜ ወደቀባት፤ እንደገና ሰቀለችው። «ወደቡ ጋ ልደውል ነው፤ አምቡላንስ ይላኩ» አለች ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ደብተርሽን ሰብስቢ። እስክሪብቶሽን እንዳትረሺ።»

ወደቡ ላይ አባቴን ሳየው ሁለቱም ዓይኖቹ በነጭ ፋሻ ተጠቅልለዋል። አንድ እግሩ ባዶ ነው። ብርድ ልብስ ለብሶ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ፊቱን ድምፅ ወደሰማበት ሁሉ ያዞራል። አልጮኽኩም፤ ይህ የሚመጣ መሆኑን ከሁሉም በፊት አውቄዋለሁ።

እናቴ ፊቱ ቆመች። ምንም አልተናገረችም፤ እርሱ ግን አወቃት።

«በርጩማ አልነበረም» አላት።

«አልነበረም?»

«የአዋላጇ ቦርሳ ነው ፊቴ ላይ የመጣው። ቤት የምትሠራ ይመስል ድንጋይ ነው የያዘችው።»

«መድኃኒት ነው፣ አንተ ሰውዬ» አለች አዋላጇ ከወዲያ፤ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። «ቀበቶዬ አልፈታ ብሎኝ ነበር። በአንድ እጁ በሩን ይዞ በሌላው የእኔን ፈታ። የራሱን ሳይፈታ። ገፍትሮ አስወጣኝ።»

እናቴ ጎንበስ አለችና የአባቴን የረጠበ ሸሚዝ አንገቱ ድረስ ቆለፈችው። ከዚያ መልሳ ፈታችው። «ይህንን አላለማመድኩህም» አለች።

«አዎ፤ እሱን ዘለልሽው» አለ አባቴ።

እጁን ያዝኩት። ቀዝቃዛና የተሸበሸበ ነበር። «አይዞህ አባዬ፣ እኔ እመራሃለሁ» አልኩት። ፊቱን ወደ እኔ አዘንብሎ «እሺ አሮጊቷ» አለኝ። ወደ መኪናው ስንሄድ ገመዱን፣ ደረጃውን፣ ኩሬውን ነገርኩት። ሰዎች ያዩናል። የሚደበቅ ነገር አልቀረም።

ዓይኑን ያቃጠለው ውሃው ላይ የፈሰሰው ቤንዚን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፋሻው ተፈታ፤ ጣቶቼን ፊቱ ላይ ዘርግቼ ስንት ናቸው እያልኩ ለብዙ ጊዜ ፈተንኩት። ሁልጊዜ ያገኘው ነበር፤ እኔም ሁልጊዜ በግምት ነው እል ነበር። እምነቱ መቼ እንደተወኝ አላውቅም። የልጅነት ጫማ እንደሚጠብ፣ አንድ ቀን ሳላደርገው ቀረሁ።

አባቴ በእርጅና፣ በአልጋው ላይ ነው ያረፈው። ያ የሆስፒታል ኮሪደር ከዚያ በኋላ ነው። ክፍሉ ውስጥ የተኛው ባለቤቴ ነበር። ሐኪሙ ወጥቶ፣ ከእንግዲህ ምንም እንደማይሰማ፣ ቤቴ ሄጄ ብተኛ እንደሚሻለኝ በትሕትና ነገረኝ። ቤት አልሄድኩም፤ ወደ ክፍሉም አልተመለስኩም። ከእናቴ ጋር አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥን። እናቴ ዱላዋን ጉልበቶቿ መሃል አቁማ፣ ሳልጠይቃት፣ ስለ ሻርፑና ስለ በርጩማው ታወራኝ ጀመር። እኔም ያኔ ምን አስቤ እንደነበር ነገርኳት። ሳቀች፤ ነርሷ ዞራ እስክታየን።

«ሬድዮው መሞቱን ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ውሃ እንደነካው ነው የሞተው። እንኳን እኔ ቡሎንም አወቀው።»

«ታዲያ ለማን ነበር የምትናገሪው?»

«ለአባትሽ ነዋ። ሌላ ማን አለ?»

«እንደማይሰማ እያወቅሽ?»

ዱላዋን አዞረች። «እሱ መስማቱን እኔ በምን አውቃለሁ» አለች። «እኔ ዝም ብል ግን እዚያ ብቻውን ነበር። ያንን አውቅ ነበር።» ትንሽ ቆይታ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ። «በይ ግቢ። እኔ እዚህ አለሁ።»

ገባሁ። በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋሁ። ከዚያ ጎረቤታችን ዛሬም መኪናውን በራችን ላይ ገትሮ መሄዱን ነገርኩት። የቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ እንደነበር፣ የፈረሰውን ሳይጠግን ሌላ እንዳፈረሰ ነገርኩት። በመስኮቱ የሚታየውን ነገርኩት። ያን ቀን የማወራው አላጣሁም።